«እንደ ቤተሰባችን ናት»
ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ስለ ቤት ሠራተኛዋ ሥዕል ያስተማሩን

የዚህ እትም ትምህርት ረዘም ያለ ነው። በአንድ ማታ ካላለቀላችሁ አጥፋችሁ አስቀምጡትና በሌላ ቀን ቀጥሉ። ከጨረሳችሁ በኋላም ለሌላ እኅት አሳልፉት። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«እንደ ቤተሰባችን ናት» የምትባለውን አነጋገር ያልሰማች ከመካከላችን ያለች አይመስለኝም። እንግዳ መጥቶ ቡና ይዘን ስንገባ ማዳም ወደ እኛ እየጠቆመች ትላታለች። አንዳንዷ ከልቧ ነው። አንዳንዷ ግን የምታስታውሳት የሦስት ወር ደመወዝ ስንጠይቃት ነው።

ይህችው አነጋገር በ1956 አሜሪካ ውስጥ የአንድ መጽሐፍ ርእስ ሆና ወጥታለች። ጸሐፊዋ አሊስ ቻይልድረስ ትባላለች። ጥቁር አሜሪካዊት፣ የቲያትር ተዋናይትና ደራሲ ስትሆን በሰው ቤትም ሠርታ ታውቃለች። መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት ጽሑፎቹ በጥቁሮች ጋዜጣ ላይ ይወጡ ነበር። በውስጡ ሚልድሬድ የምትባል የቤት ሠራተኛ አለች። ማታ ከሥራ ስትመለስ የዋለችበትን ለጓደኛዋ ለማርጅ ታወራለች። የማርጅ ድምፅ አንድም ጊዜ አይሰማም፤ የምንሰማው ሚልድሬድን ብቻ ነው። የሠራተኛዋን ወሬ ሠራተኛዋ ራሷ ስታወራው ማለት ነው።

በመጀመሪያው ጨዋታ አሠሪዋ ለእንግዳዋ ስለ ሚልድሬድ ያቺኑ ቃል ትላለች። ሚልድሬድ እንግዳዋ እስክትሄድ ጠብቃ ሴትዮዋን ቁጭ ታደርጋትና ነገሩን በዝርዝር ታስረዳታለች። እናንተ የምትበሉት ምግብ ቤት ነው፣ እኔ የምበላው ወጥ ቤት ነው። ልጅሽ ጓደኞቹን ሳሎን ያስተናግዳል፣ የእኔ እንግዳ ግን እዚያ አይገባም። ቡችላችሁ እንኳ በሐር አልጋ ልብስ ላይ ይተኛል። ታዲያ የቱ ላይ ነው ቤተሰብነቴ? እያለች ትቀጥላለች። ሳትጮኽ፣ ሳትሳደብ። በመጨረሻ ሴትዮዋ ስለ ደመወዝ ጭማሪ ባሏን እንደምታነጋግር ትነግራታለች። እኔን የሚያስቀኝ ይሄ ነው፤ ወሬው ከቤተሰብነት ወርዶ ወደ ደመወዝ መጣ። መጀመሪያም መሆን የነበረበት ቦታ ያ ነበር።

ሁላችንም እንደ ሚልድሬድ እንናገር ማለቴ አይደለም። እሷ ማታ ወደ ራሷ ቤት ትሄዳለች፤ እኛ ደግሞ የምናድረው እዚያው ነው፣ ፓስፖርታችንም የት እንዳለ ታውቃላችሁ። እኔ የምፈልገው ነገሩን እንድናየው ነው። ይህች «ቤተሰብ» የምትባል ቃል ከየት መጣች? ሥራዋስ ምንድን ነው? ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች፣ ራሳቸው በሰው ቤት የሠሩ ወይም የሠራተኛ ልጆች የሆኑ፣ ይህንን ከመቶ ዓመት በላይ ሲያጠኑት ኖረዋል።

የምትስቀው ሴትዮ

አሜሪካ ውስጥ «ማሚ» የምትባል አንዲት ሥዕል አለች። ወፍራም ናት፣ ሻሽ አስራለች፣ ሽርጥ ታጥቃለች፣ ሁልጊዜ ትስቃለች። የነጮቹን ልጆች ከራሷ ልጆች አብልጣ ትወዳለች። የራሷ ልጆች እንዳሏት እንኳ አይታወቅም። ደመወዝ አትጠይቅም፣ አይደክማትም፣ ወደ ቤቴ ልሂድ አትልም። በዘፈን፣ በቲያትር፣ በማስታወቂያ፣ በሸክላ ዕቃ ላይ ሳይቀር ተስላለች።

የታሪክ ተመራማሪዎች ይቺን ሴትዮ በባርነት ዘመን መዝገቦች ውስጥ ሲፈልጓት እንደ ሥዕሉ ሆና አላገኟትም። በጌቶች ቤት ውስጥ ይሠሩ ከነበሩት ብዙዎቹ ገና ልጃገረዶች ነበሩ፤ ምግብም ተርፏቸው የሚወፍሩ አልነበሩም። ሥዕሏ በጣም የተስፋፋችው እንዲያውም ባርነት በ1865 በሕግ ከቀረ በኋላ ነው። ለምን ያኔ? አስቡት። እስከዚያ ድረስ ሴትዮዋ ንብረት ነበረች። ከዚያ በኋላ ግን ልትከፈል ነው፤ ካልተስማማትም ልትሄድ ነው። በፍቅር የምትሠራ፣ ገንዘብ የማያጓጓት ሴትዮ የተፈለገችው በዚያን ጊዜ ነው።

እውነተኞቹ ሴቶች ደግሞ ሌላ ነበሩ። በ1881 ሐምሌ ወር በአትላንታ ከተማ 20 የሚሆኑ ጥቁር ልብስ አጣቢዎች ማኅበር አቋቋሙ። ለ12 ፓውንድ ልብስ፣ ማለትም ለአምስት ኪሎ ተኩል ያህል፣ 1 ዶላር ካልተከፈለን አናጥብም አሉ። ቤት ለቤት እየዞሩ ሌሎቹን ቀሰቀሱ። በሦስት ሳምንት ውስጥ 3,000 ያህል ሆኑ። ከመካከላቸው ታስረው የተቀጡ አሉ። የከተማው ምክር ቤት እያንዳንዷ አጣቢ የ25 ዶላር ፈቃድ ታወጣለች ብሎ ሊያስፈራራቸው ሲሞክር፣ እንከፍላለን፣ ግን ዋጋውን የምንወስነው እኛ ነን ብለው ለከንቲባው ጻፉ። እኚህን ሴቶች በዱቄት ካርቶን ላይ የሳላቸው የለም።

በዱቄት ካርቶን ላይ የተሳለችውማ «አክስት ጀማይማ» ናት። የፓንኬክ ዱቄት ነው፣ በ1889 የወጣ። «አክስት» የሚለውም ለክብር እንዳይመስላችሁ፤ ነጮቹ በዕድሜ የገፋችን ጥቁር ሴት «ወይዘሮ» ማለት ስለማይፈልጉ «አክስት» ይሏት ነበር። በ1893 በቺካጎ ትልቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሲከፈት ያቺን ሴትዮ ሆና ፓንኬክ እየጋገረች ሰው የምታስተናግድ ሠራተኛ ተቀጠረች። ናንሲ ግሪን ትባላለች። ኬንታኪ ውስጥ በባርነት የተወለደች፣ ቺካጎም በሰው ቤት ትሠራ የነበረች ሴት ናት። በ1923 በመኪና አደጋ ሞተች። ድርጅቱ በእሷ መልክ ሲነግድ፣ የእሷ መቃብር እስከ 2020 ድረስ ስም የተጻፈበት ድንጋይ አልነበረውም። በዚያው በ2020 ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ ከተገደለ በኋላ ሰልፉ ሲበረታ ኩባንያው ስሙንና ሥዕሉን እንደሚያነሣ አስታወቀ፤ በ2021ም ሌላ ስም ሰጠው። 130 ዓመት ገደማ ማለት ነው።

በዚያው በ1923 ደግሞ የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ዋሽንግተን ላይ ለ«ታማኞቹ ማሚዎች» ሐውልት እንዲቆም አጸደቀ። ሐሳቡን ያመጡት የደቡብ ነጭ ሴቶች ማኅበር አባላት ናቸው። ይኸው ምክር ቤት ከጥቂት ወራት በፊት፣ በ1922፣ ጥቁሮችን በመንጋ ሰቅሎ መግደልን የሚከለክለውን ሕግ ሳያሳልፍ አስቀርቶታል። ጥቁር ሴቶች በየማኅበሮቻቸው ሆነው፣ በጋዜጣም እየጻፉ ተቃወሙ። ሜሪ ቸርች ቴሬል የተባለችው የሴቶች ማኅበር መሪ ከጻፉት አንዷ ናት። ሐውልቱ ሳይቆም ቀረ። እናስተውል፤ የተቃወሙት ስድብን አይደለም። ሙገሳን ነው የተቃወሙት። ይሄ ከስድብ ይልቅ ይከብዳል፤ ምክንያቱም የሚያመሰግንሽን ሰው አይሆንም ስትዪው ምስጋና ቢስ ትባያለሽ።

ሃቲ ማክዳንኤልና እኛ ያነበብነው መጽሐፍ

«ነገም ሌላ ቀን ነው» የሚለውን መጽሐፍ ከመካከላችን ያነበባችሁት አላችሁ። ነቢይ መኮንን በደርግ ጊዜ እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ የተረጎመው ነው። ስለ ትርጉሙ ጀግንነት ስንቱን ሰምተናል፤ ይገባዋልም። መጽሐፉ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ የወጣው በ1936 ነው፤ በ1939 ፊልም ሆነ። እኛ ስናነበው ያለቀስነው ለማን ነበር? ለስካርሌት አይደል? መሬቷ ሲጠፋ፣ ሲርባት፣ የሚሠራላት ሰው ሲታጣ። ኮርሴቷን የምታስርላት ጥቁር ሠራተኛ ግን በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ የራሷ ስም እንኳ የላትም። «ማሚ» ብቻ ናት። እኛም ሳናስተውል በማዳም ወገን ሆነን አነበብነው።

በፊልሙ ማሚን ሆና የሠራችው ሃቲ ማክዳንኤል ናት። እናትና አባቷ በባርነት የኖሩ ናቸው። ዘፋኝ ነበረች። ሆሊውድ ከገባች በኋላም የፊልም ሥራ ሲጠፋ በሰው ቤት ትሠራ ነበር፤ ፊልም ሲገኝ ደግሞ የሰው ቤት ሠራተኛ ሆና ትተውናለች! የፊልሙ ምርቃት በታኅሣሥ 1939 አትላንታ ላይ ሲደረግ በዘር ሕጉ ምክንያት መገኘት አልቻለችም። በየካቲት 1940 ኦስካር ተሸለመች፤ ከጥቁሮች የመጀመሪያዋ ናት። ሽልማቱ የተሰጠበት ሆቴል ጥቁር አያስገባም ነበርና በልመና ነው የተፈቀደላት። ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ሳይሆን በግድግዳ ጥግ በተለየች ትንሽ ጠረጴዛ ተቀመጠች። ወጥ ቤት እንደሚበላው ማለት ነው፣ በወርቅ ያጌጠ ወጥ ቤት።

በዚያን ጊዜ የጥቁሮች መብት ማኅበር መሪዎች፣ ሁልጊዜ ሠራተኛ እየሆንሽ ስማችንን ታጠፊያለሽ ብለው ወቅሰዋታል። የእሷ መልስ፣ ሠራተኛ ሆኜ በሳምንት ጥቂት ዶላር ከማገኝ ሠራተኛ መስዬ ብዙ ባገኝ ይሻላል የሚል ነበር ይባላል። ማን ትክክል ነው? በእኔ አስተያየት ወቀሳው ወደ እሷ መሄዱ ደግ አልነበረም። ሥዕሉን የሳሉትና የሸጡት ሌሎች ናቸው፤ ለእሷ የቀረበላት በር አንድ ብቻ ነበር። ደግሞም ከካሜራው ውጭ ማሚ አልነበረችም። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ጥሩ ሰፈር ቤት ገዝታ ነጭ ጎረቤቶች በሕግ ሊያስወጧት ሲከሱ፣ ከሌሎች ጥቁር ባለቤቶች ጋር ሆና ተከራክራ በ1945 አሸንፋለች። በ1952 ስትሞት ልቀበርበት ያለችው የሆሊውድ መቃብር ጥቁር ነሽ ብሎ አልተቀበላትም። ለሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተሰጠው ሽልማቷም ከጊዜ በኋላ ጠፋ። ምትኩ የተሰጠው በ2023 ነው።

ዓይንሽን ስበሪ

እኛ ያደግነው «ዓይንሽን ስበሪ» እየተባልን ነው። እዚህም ስንመጣ ፊት ለፊት ማየት ድፍረት ነው። ቤል ሁክስ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት መምህርት፣ በ2021 ያረፈች፣ ስለዚህ ስለ ማየት ጽፋለች። በባርነት ጊዜ ጥቁር ሰው ቀና ብሎ በማየቱ ብቻ ይቀጣ ነበር። ስለዚህ ማየት ራሱ መብት ነው ትላለች። በ1992 ባወጣችው መጽሐፍ ውስጥ ጥቁር ሴቶች ፊልም ቤት ገብተው እንዴት እንደሚያዩ ትናገራለች። አንዳንዶቹ ለመደሰት ሲሉ ራሳቸውን ረስተው በነጯ ቦታ ሆነው ያያሉ። ሌሎቹ ግን እየጠየቁ ያያሉ፦ ይህችን ሴትዮ እንዲህ አድርጎ ያሳየኝ ማነው? ምን እንዳስብ ፈልጎ ነው? የእሷ ቤት የት ነው? ይህን ለመጠየቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ልብስ እየተኮሱ ተከታታይ ድራማ በሚያዩበት ሰዓትም ይቻላል።

ሌላዋ ፓትሪሺያ ሂል ኮሊንስ ትባላለች፤ በ1990 ትልቅ መጽሐፍ አውጥታለች። ከእሷ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛው፣ የቤት ሠራተኛ «ውስጥ ያለች የውጭ ሰው» ናት የምትለው ነው። ቤተሰቡ ሲጣላ እንሰማለን፣ ማን ምን መድኃኒት እንደሚወስድ እናውቃለን፣ እንግዳ ሲመጣ ምን እንደሚደበቅ እናውቃለን። ግን የቤቱ ሰው አይደለንም። ኮሊንስ እንዲህ ዓይነቷ ሴት የምታውቀው ነገር ወሬ ሳይሆን ዕውቀት ነው ትላለች፤ ትልቅ ነን የሚሉ ሰዎች በልብሳቸው ቆሻሻ በኩል ምን እንደሚመስሉ የምታይ እሷ ናትና። ጥቁር እናቶች ይህን ዕውቀት ማታ ቤታቸው ገብተው ለልጆቻቸው ያወሩ ነበር፤ ያ ወሬ ነው በኋላ መጽሐፍ የሆነው።

ሁለተኛው፣ ሥዕሎቹ ብቻቸውን አይመጡም የምትለው ነው። ከደጓ ማሚ ጎን ክፉዎቹ አሉ፤ ሰነፏ፣ ባለጌዋ፣ ወንድ አጥማጇ። ማሚ መሆን እምቢ ያለች ወደ አንደኛዋ ትጣላለች። እዚህ ያለነው ይሄንን በደንብ እናውቀዋለን። ታዛዥ ስንሆን «ሚስኪን፣ ልጅ ናት» እንባላለን። ደመወዝ ስንጠይቅ ወይም ስንወጣ ደግሞ ሌባ፣ አስማተኛ፣ ባል ነጣቂ። በ2013 ሳውዲ ዐረቢያ የኢትዮጵያ የቤት ሠራተኞችን ቅጥር ባገደችበት ጊዜ በየጋዜጣው እንዴት እንደተሳልን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ የጥቂት ሰዎች ወንጀል የሁላችን መልክ ሆነ። ደጓም ሥዕል ክፉዋም ሥዕል የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሁለቱም ውስጥ እኛ የለንም።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ፣ እኔ ግን ልጆቹን እውነቴን ነው የምወዳቸው ትሉ ይሆናል። እኔም አልጠራጠርም። ሌሊት ተነሥቶ ሙቀቱን የለካ ሰው እንዴት አይወድም? ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶችም ያሳደጓቸውን ልጆች ወደዋል፣ ሲለዩአቸውም አልቅሰዋል። ፍቅሩ የራሳችን ነው። ውሸቱ ያለው ፍቅሩ ደመወዝን ይተካል በሚለው ላይ ነው።

ሥዕሉ ሕግ ሲሆን

በ1935 ኤላ ቤከርና ማርቨል ኩክ የተባሉ ሁለት ጥቁር ሴቶች ኒውዮርክ ብሮንክስ ሰፈር ሄደው ሥራ ፈላጊ መስለው መንገድ ላይ ቆሙ። ጊዜው የኢኮኖሚ ችግር የጠናበት ነበር። ጥቁር ሴቶች የሥራ ልብሳቸውን በወረቀት ከረጢት ይዘው ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ዳር ይቆማሉ። የቤት እመቤቶች መጥተው ያያሉ፣ ይመርጣሉ፣ በሰዓት ከ15 እስከ 30 ሳንቲም ተነጋግረው ይወስዳሉ። በዚያን ዘመን ሠራተኛዋ ብዙ እንድትቆይ የግድግዳ ሰዓቱን ወደ ኋላ የሚያዞሩ አሠሪዎች እንደነበሩም ተጽፏል። ሁለቱ ሴቶች ያዩትን በመጽሔት አወጡና ስሙን «የብሮንክስ የባሪያ ገበያ» አሉት።

በዚያው በ1935 የጡረታ ሕግ ወጣ፤ የቤት ሠራተኛ አልተካተተችም። በ1938 ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን ሕግ ወጣ፤ አሁንም የለችበትም። በዚያን ጊዜ ደመወዝ ከሚያገኙ ጥቁር ሴቶች ከግማሽ በላይ በሰው ቤት ነበር የሚሠሩት። ቤት የሥራ ቦታ አይደለም፣ እሷም እንደ ቤተሰብ ናት ከተባለ ሕግ ምን ይሠራላታል? የፓንኬኳ ሴትዮ እዚህ ትደርሳለች። የጡረታው ሕግ በ1950፣ የደመወዙ ደግሞ በ1974 ነው ወደ ቤት ሠራተኞች የደረሰው፤ ያውም አሠሪ ቤት የሚያድሩት የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሳይጨመርላቸው።

ዝም ብሎ አልደረሰም። ዶሮቲ ቦልደን ከልጅነቷ ጀምሮ በሰው ቤት የሠራች የአትላንታ ሴት ናት። ሠራተኞች ጠዋትና ማታ በሚሳፈሩበት አውቶቡስ እየገባች ታወራቸው ነበር፤ አንቺን ስንት ይከፍሉሻል፣ አንቺንስ? በ1968 ማኅበር አቋቋመች። አባል ለመሆን ለምርጫ መመዝገብ ግዴታ ነበር። በአገሩ አዳራሽ እንጂ በአውቶቡስ መሰብሰብን ማን ይከለክላል?

ወደ እኛ ስንመጣ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ1946 ሲወጣ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ውጭ አደረገ። የዓለም የሥራ ድርጅት የቤት ሠራተኛን እንደ ማንኛውም ሠራተኛ የሚቆጥረውን ስምምነት ቁጥር 189 ያጸደቀው በ2011 ነው። ኩዌት በ2015፣ ቃጠር በ2017 ለቤት ሠራተኞች የተለየ ሕግ አውጥተዋል። ሕግ መውጣቱና ወጥ ቤት ድረስ መግባቱ ለየብቻ ነው፤ ያም ሆኖ ያለበትን አገር ሕግ ማወቅ ይጠቅማል፣ በሌላ እትም እንመለስበታለን።

አንድ ነገር ልጨምር። በአሜሪካ አምስት ጥቁር ሴቶች አንድን የመኪና ፋብሪካ ከሰሱ። ፋብሪካው ከ1964 በፊት ጥቁር ሴት አይቀጥርም ነበርና ቅነሳ ሲመጣ መጀመሪያ የወጡት እነሱ ሆኑ። ፍርድ ቤቱ በ1976፣ እንደ ጥቁር ክሰሱ ወይም እንደ ሴት ክሰሱ፣ ሁለቱን ደባልቃችሁ ግን አይሆንም አላቸው። ፋብሪካው ጥቁር ይቀጥራል፣ ግን ወንዶች ናቸው፤ ሴትም ይቀጥራል፣ ግን ነጮች ናቸው። ኪምበርሌ ክሬንሾ የተባለች የሕግ መምህርት በ1989 ይህንን በመስቀለኛ መንገድ መሰለችው፤ መሐል ላይ የቆመችን ሴት መኪና ከየትኛውም ወገን ሊገጫት ይችላል። እኛ ደግሞ በዚያ መስቀለኛ ላይ ሴት፣ ጥቁር፣ የውጭ አገር ሰውና በአንድ አሠሪ ኢቃማ የታሰርን ሆነን ቆመናል።

«ጥቁር» ስል አንዳንዶቻችሁ ቅር ትሰኛላችሁ። አገር ቤት ቀይ፣ ጠይም፣ የቀይ ዳማ እየተባባልን ስላደግን «ጥቁር» ሌላ ሰው ነው የሚመስለን። እዚህ ግን ማንም የቀይ ዳማ ብሎ የሚለይልን የለም። ቤይሩት ውስጥ «ሲሪላንኪያ» የሚለው የአገር ስም «ሠራተኛ» ማለት ሆኖ ኖሯል፤ ኢትዮጵያዊቷም «ሲሪላንኪያ» ትባላለች። በቸኮሌት የተሸፈነው ነጭ ከረሜላ ለብዙ ዘመን «ራስ ኤል ዐብድ» ተብሎ ሲሸጥ ነበር፤ «የባሪያው ራስ» ማለት ነው። ፋብሪካው በኋላ «ጠርቡሽ» ብሎ ስሙን ቢቀይረውም የሰው አፍ ገና አልቀየረውም። ይሄ የአክስት ጀማይማ ታናሽ ወንድም ነው።

አጋርን ከየት ሆነን እናያታለን?

ይህ የማየት ትምህርት ወደ ቤተ ክርስቲያንም ገብቷል። ዴሎረስ ዊሊያምስ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት የሥነ መለኮት መምህርት በ1993 ስለ አጋር መጽሐፍ ጽፋለች። ዘፍጥረት 16ንና 21ን አውጥታችሁ አንብቡ። አጋር በባዕድ አገር በሰው ቤት የምትሠራ ግብፃዊት ናት። ልጅ የወለደችው እመቤቷ ለባሏ ስለሰጠቻት ነው፤ የጠየቃት የለም። ተጨቆነችና ሸሸች። በኋላም ከነልጇ በእንጀራና በውኃ አቁማዳ ብቻ ተባረረች። ስብከቱን ሁልጊዜ የምንሰማው በአብርሃምና በሣራ በኩል ነው፤ አጋር የምትመጣው እንደ ችግር ነው። ዊሊያምስ ግን በአጋር በኩል ቆማ አነበበችው። አንድ የሚከብድ ነገርም አልሸፈነችም፤ እግዚአብሔር መጀመሪያ አጋርን ነፃ አላወጣትም፣ ተመለሺ ነው ያላት። ዊሊያምስ እዚህ ላይ የምታየው አምላክ መኖሪያ መንገድ የሚያሳይ፣ በምድረ በዳ ውኃ የሚያሳይ ነው። ደግሞም ለእግዚአብሔር ስም ያወጣችው ይህችው የቤት ሠራተኛ ናት፤ የሚያየኝ አምላክ አለችው።

ፊልሞቹም ከዚህ አይርቁም። በ2011 «ዘ ሄልፕ» የሚባል ፊልም ወጣ፤ በ1960ዎቹ በሚሲሲፒ ስለነበሩ ጥቁር የቤት ሠራተኞች ነው። ኦክታቪያ ስፔንሰር በ2012 ኦስካር አገኘችበት። የጥቁር ሴቶች ታሪክ ተመራማሪዎች ማኅበር ግን ወዲያው የተቃውሞ ደብዳቤ አውጥቶ ነበር፤ ፊልሙ ሠራተኞቹ በአሠሪ ወንዶች የደረሰባቸውን ዘልሎታል፣ ራሳቸው ያደረጉትንም ትግል ለነጭ ልጅ ሰጥቶታል ብሎ። ዋናዋ ተዋናይት ቫዮላ ዴቪስ ራሷ በ2018፣ በመጨረሻ የሠራተኞቹ ድምፅ አልተሰማም ብላ መጸጸቷን ተናግራለች። ሃቲ ያልቻለችውን መናገር ችላለች።

የአገራችንንም ቤት እንይ እንጂ። የአማርኛ ኮሜዲ ውስጥ ሠራተኛዋ ምን ትመስላለች? ከገጠር የመጣች፣ አማርኛዋ የሚያስቅ፣ ዕቃ የምትሰብር፣ ለሳቅ የተፈጠረች። ስሟን የሚያስታውስ አለ? ብዙዎቻችን እዚህ የሰው ቤት ሠራተኛ ሆነን በምንልከው ገንዘብ ቤተሰቦቻችን ሠራተኛ ቀጥረዋል። ልጆቻችንን የምታሳድገው እሷ ናት። ስልክ ስንደውል ማን እንደምታነሣው ታውቃላችሁ።

ለሚቀጥለው ስብሰባ እነዚህን አስቡባቸው። በዚህ ሳምንት ያያችሁት ድራማ ውስጥ ሠራተኛ ካለች ስሟ ማነው፣ የራሷ ታሪክ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? «እንደ ቤተሰባችን ናት» በተባልሽበት ቀን የት በላሽ፣ የት ተኛሽ፣ በዓልሽን አከበርሽ ወይ? አገር ቤት ያለችው የእኛ ሠራተኛ ስንት ይከፈላታል፣ የዕረፍት ቀን አላት ወይ? ይህን ስልክ ደውላችሁ ጠይቁና መልሱን ይዛችሁ ኑ፤ ለእናታችሁ ሳይሆን ለራሷ ለልጅቷ ነው የምትጠይቁት።